የ400 ዶላር ጠመንጃና የአያት በልጅግ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ለአደን ተራራ ይወጣሉ። እኔንም ና ብለውኛል። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዕድሜዬ 34 ነው። ለጠመንጃ ማውጣት የምችለው ቢበዛ 500 ዶላር ነው። ሱቅ ውስጥ 400 ዶላር አካባቢ የሆነ፣ መነጽር የተገጠመለት፣ መቀርቀሪያው በእጅ እየተጎተተ የሚያጎርስ አዲስ ጠመንጃ አየሁ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጣ በልጅግ ይሸጣል። አያቴ በልጅግ ነበረው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚያ ሄዷል። ጓደኞቼ ሁለቱንም ‹ቆሻሻ ነው፣ ሺህ ዶላር ካላወጣህ አትልፋ› ይሉኛል። ባለቤቴ በበኩሏ ቤታችን ጠመንጃ የሚባል ነገር አይገባም ብላለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ጓደኞችህ የሚሉህ ነገር ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት ቢሆን ግማሹ እውነት ነበር። ያኔ ርካሽ ጠመንጃ ማለት ብዙውን ጊዜ ምላጩ እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንቀጫቀጭ፣ ጥይቱን የት እንደሚጥለው ራሱም የማያውቅ ብረት ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። እኔ እንጀራዬን የምበላው ጠመንጃ በመጠገን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የ3,000 ዶላሩም የ350 ዶላሩም ይተኛል። ጠግኜ ስጨርስ ሁሉንም ተኩሼ አያለሁ። ደህና የሆነ ርካሽ ጠመንጃ 100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት በአንድ ኢንች ተኩል ክብ ውስጥ ያሳርፋል፤ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስምንት ኢንች ያህል ስፋት አለው። የምሳ ሰሃን በለው። ኤልክ የሚሉት ትልቁ የአጋዘን ዘመድማ ይበልጣል። ስለዚህ ያየኸው የ400 ዶላር ጠመንጃ ከአንተ የተሻለ ተኳሽ ነው። አትቀየመኝ፣ ከእኔም የተሻለ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። «ለጠመንጃ 500 ዶላር» ብለሃል። ጠመንጃው 400 ከወሰደ የቀረህ 100 ነው። በ100 ዶላር ደህና መነጽር፣ የልምምድ ጥይትና የብረት ሳጥን አይገዛም። ርካሽ ጠመንጃ የሚያዋጣው ያተረፈልህን ብር እነዚህ ላይ ስታውለው ነው። የሺህ ዶላር ጠመንጃ ገዝቶ በዓመት አምስት ጥይት የሚተኩስ ሰው አውቃለሁ። የ350 ዶላር ገዝቶ በበጋው መቶ ጥይት የሚተኩስም አውቃለሁ። ሥጋ ይዞ የሚመለሰው የትኛው እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ጓደኞችህ እንዲገባቸው ግን ለምን እንደረከሰ ልንገርህ። ጥይቱ የሚጎርስበት ቀዳዳ ጥልቀትና የመቀርቀሪያው ፊት ያላቸው ርቀት በሺህኛ ኢንች የሚለካ ነገር ነው። ከጠበበ መቀርቀሪያው አይዘጋም። ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድና ትኩሱ ጋዝ ወደ ፊትህ ሊመለስ ይችላል። ድሮ ይህን የሚያስተካክለው የሰለጠነ ባለሙያ ነበር፤ አንድ በአንድ፣ እየሞረደ፣ እየለካ። ዋጋውም የእሱ ሰዓት ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 ሳቬጅ የሚባለው ፋብሪካ ሞዴል 110ን አወጣ። የነደፈው ኒኮላስ ብሩወር ጥይቱ የሚወጣበትን ቱቦ በትልቅ ዳዶ አሰረው። ሠራተኛው መለኪያውን ያስገባል፣ ቱቦውን እስኪነካ ያዞራል፣ ዳዶውን ያጠብቃል። በቃ። ጋራዥ የሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መሞረዱ ቀረ፣ ልኩ ግን ከድሮው የተሻለ ሆነ።

የዛሬዎቹ ርካሽ ጠመንጃዎች ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። የሳቬጅ አክሲስ በ2010 ገደማ መጣ፣ ሩገር አሜሪካን በ2012፣ ሞስበርግ ፓትሪየት በ2015። ፋብሪካዎቹ ቱቦው ላይ አልሰሰቱም። የሰሰቱት ሰደፉ ላይ ነው፤ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ጥይት መያዣው ካዝና ላይም ሰስተዋል። መቀርቀሪያውን ስትጎትት አሸዋ ላይ የሚሄድ ይመስልሃል። ቀለሙም ደብዛዛ ነው። አንዳቸውም ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ አይቀይሩም። ሰደፉ ብቻ አንዳንዴ ይቀይራል፤ እሱን በአንድ ዶላር መፈተን ትችላለህ። አንድ ዶላር አጥፈህ በቱቦውና በሰደፉ መሃል አስገባ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጎትት። ሳይዝ መንሸራተት አለበት። ከዚያ የሰደፉን ፊት በእጅህ ጨብጠህ ወደ ቱቦው ተጫነው። ፕላስቲኩ ተጣጥፎ ቱቦውን ከነካ፣ ድንጋይ ላይ አስደግፈህ ስትተኩስም ይነካዋል፣ ጥይትህም ይስታል። ብዙ ጊዜ ለዚህ መድኃኒቱ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው።

ምላጩንም ሱቁ ውስጥ ሞክረው፤ መጀመሪያ ሻጩን ባዶ መሆኑን አሳየኝና ልሳበው በለው። ሳቬጅ ከሆነ አኩትሪገር የሚሉት ምላጭ ያለው መሆኑን አረጋግጥ። ቀላልና ንጹሕ ነው፣ በቪቴ ትንሽ ይስተካከላል። ያገለገለም አትናቅ። የአደን ወቅት ሲያልቅ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ አሥር ጥይት ብቻ የተኮሱ ጠመንጃዎች ተመልሰው ይሸጣሉ። ባለቤቱ ተራራው ቀዝቅዞት ነው። የአፈሙዙ ጫፍ ያልተጎዳ፣ ሰደፉ ከእጅ መያዣው ጋ ያልተሰነጠቀ፣ ቱቦው ውስጡ የሚያበራ ከሆነ ውሰደው። ኮሎራዶ ውስጥ ከግለሰብ ስትገዛም ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የጀርባ ታሪክህ መመርመሩ ግዴታ እንደሆነ አትርሳ።

አሁን ስለ በልጅጉ።

እኔም አያት ነበረኝ፣ ልብህ የት እንደሄደ ይገባኛል። አባቶቻችን የጠመንጃ ስም የሚያወጡት ከመጣበት ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙ በኛ አፍ ተቀይሮ ነው እንጂ። ለበንም ከፈረንሳይ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር። በልጅግ ደግሞ ቤልጅግ ነው፤ ሄርስታል ከተማ ያለው ኤፍኤን የሚባለው ፋብሪካ የሠራው ማውዘር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት መንግሥታችን ከዚያ ገዝቷል፤ አንዳንዱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ታትሞበታል። አሠራሩ ፓውል ማውዘር በ1898 የጨረሰው ነው፤ ከፊት ሁለት ጥርስ፣ ከኋላ ለክፉ ቀን ሦስተኛ ጥርስ፣ የጥይቱን ጠርዝ እንደ ጥፍር ይዞ የሚያስገባና የሚያወጣ ሳቢ። ሱቅ ያየኸው የ400 ዶላር ጠመንጃ የዚህ የልጅ ልጅ ነው። መቀርቀሪያውን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች ስታደርግ እጅህ የሚሠራው አያትህ የሠሩትን ነው።

ግን አሁን ገበያ ላይ ያለው በልጅግ የአያትህ በልጅግ አይደለም። አያትህ የእሳቸውን በቅቤና በጨርቅ ይወለውሉት ነበር። እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከየመጋዘኑ ተለቅመው የመጡ ናቸው። አምና አንድ ሀገር ልጅ አንዱን ይዞልኝ መጣ። ሰደፉ ተሰብሮ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል። አጠፋፈሩ በጣም ያምራል፤ ሠሪው እጅ የተባረከ ሰው ነው። የመቀርቀሪያው ቁጥርና የጠመንጃው ቁጥር ግን አይገናኙም። ይኸውልህ፣ ከላይ የነገርኩህ የሺህኛ ኢንች ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ገብቶበታል ማለት ርቀቱ አይታወቅም። መለኪያ አስገባሁ። መዘጋት የሌለበት መለኪያ ላይ እንደ ቅቤ ተዘጋ። ደግሞ አፈሙዙ ውስጡ ሞላላ ሆኗል፤ ለአሥርት ዓመታት በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ሲጠረግ ኖሯል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ 100 ያርድ ላይ የነዳጅ በርሜል የሚያህል ነገር ይስታል። አባቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚሉት ዓይነት ሆኗል።

ጥይቱም ራስ ምታት ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የ8 ሚሊ ማውዘርን ጥይት ሆን ብለው በደካማ ይሞሉታል፤ ከ1905 በፊት የነበረው ጠባብ ቱቦ ያለው የጀርመን ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ አደጋ እንዳያደርስ ነው። ሙሉ ኃይል ያለውን ከአውሮፓ ፋብሪካዎች መፈለግ ይኖርብሃል። በርካሽ የሚገኘው አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ደግሞ አብዛኛው ማቀጣጠያው ጨው ይተዋል። በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ካላጠብከው ቱቦው በሳምንት ይዝጋል። ለአደንም አይሆንም፤ አረሩ እንስሳው ውስጥ የሚከፈት ሳይሆን በስቶ የሚያልፍ ነው፣ ያቆስላል፣ ቶሎ አይጥልም። ኮሎራዶ ውስጥ ለትልልቅ እንስሳት መጠቀምም ሕገ ወጥ ነው፤ የሚከፈት አረር ግዴታ ነው። መነጽር ልግጠምበት ብትል መብሳት ሊኖርብህ ነው። የይሁዳ አንበሳ ያለበትን ብረት የሚበሳ ሰው ሱቄ አይግባ።

ስለዚህ፣ በልጅጉን ግዛው፣ ግን ለአደን አትግዛው። በኋላ፣ ብር ሲተርፍህ። ለባለሙያ አሳየው፣ ርቀቱን አስለካው፣ ካልሆነ አትተኩሰው። ለልጆችህ የምትተርክበት ይሁን።

ለአደን ምን ዓይነት ጥይት የሚወስድ ጠመንጃ ልግዛ ማለትህ አይቀርም። እዚህ ላይ ሰዎች ሌሊት ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ አልጨቃጨቅም። አጋዘን ብቻ ከሆነ 6.5 ክሪድሙር ትከሻ አይመታም፣ በየሱቁም ይገኛል። ኤልክንም ካሰብክ 308 ዊንቸስተር ያዝ። በ1952 የወጣ ነው፣ ማንኛውም የአደን ከተማ ያለ ነዳጅ ማደያ ጭምር ይሸጠዋል። ጥይትህን ቤት ረስተህ ተራራ ስትወጣ ይህ ነገር ዋጋው ይገባሃል። ስሙ ላይ ማግነም የሚል የተጻፈበትን፣ ከፍ ያለ ኃይል ያለውን ጥይት፣ አትንካ። ርካሽ ጠመንጃ ቀላል ነው፣ ቀላል ጠመንጃ ላይ ማግነም ማለት የበቅሎ ርግጫ ነው። የኮሎራዶ ሕግ ለአጋዘንም ለኤልክም ውፍረቱ ከ24 ካሊበር በታች የሆነ አረር አይፈቅድም፤ የአረሩ ክብደት ደግሞ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን፣ ለኤልክ 85 ነው። ሁለቱም ጥይቶች ከዚህ በላይ ናቸው።

በነገራችን ላይ አጋዘን ስል ለምዶብኝ ነው። የኛ አገሩ አጋዘን ቀንዱ የሚጠማዘዘው ነው፣ ቀንዱንም አይጥልም። የዚህኛው በየዓመቱ ይጥላል፣ እንደገና ያበቅላል። ሌላ ዘር ነው። ግን ስም ከየት ላምጣ?

ወደ መነጽሩ ልመለስ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በጥቅል የሚሸጥ ጠመንጃ ላይ ያለው መነጽር ሁለት ችግር አለበት። አንዱ መስታወቱ ነው፤ ምሽት ላይ፣ አጋዘን በሚወጣበት ሰዓት፣ ጭጋግ ይሆናል። እሱ ይቻላል። ሁለተኛው አስተሳሰሩ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን በጥቅል ገዛሁ። «ተስተካክሎ ነው የመጣው» አሉኝ፣ አመንኩ። በሦስተኛው ቀን 120 ያርድ ላይ ጎኑን የሰጠ ትልቅ ወንድ አጋዘን አገኘሁ። ተኮስኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ደግሜ ተኮስኩ። ዝም ብሎ እየተራመደ ሄደ፤ እንደ ሰደበኝ ነው የቆጠርኩት። ማታ ድንኳን ውስጥ በባትሪ ሳየው መነጽሩ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ። እነዚያን ቪቴዎች ከፋብሪካ ጀምሮ ማንም በወጉ አላጠበቃቸውም ነበር። ሁለቱ ጥይት አየር ላይ መሄዳቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ሆዱን ብመታው ኖሮ ሌሊቱን ሲቃትት ያድር ነበር።

ስለዚህ ጠመንጃውን ቤት እንዳስገባህ የመነጽሩን ቪቴዎች ሁሉ ፍታ። ዘይቱን በአልኮል ጥረግ። ጥብቀት በሚለካ ካቻቢቴ፣ አምራቹ በጻፈው ቁጥር ልክ መልሰህ እሰር። በግምት ያሰርክ እንደሆነ ወይ ይላላል ወይ የመነጽሩን ቱቦ ትጨፈልቃለህ። ካቻቢቴው 50 ዶላር ይሆናል፤ እኔ ጋ ብታመጣው ቡና እያጠጣሁህ አስርልሃለሁ። ከቻልክ በ200 ዶላር አካባቢ የሆነ ሌላ መነጽር ግዛ። ቮርቴክስ የሚባለው ፋብሪካ በዚያ ዋጋ ደህና አለው። ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ ይበቃሃል። ዓይንህና መነጽሩ ሦስት ኢንች ተኩል ያህል ይራራቁ። ካልሆነ ሲተኮስ ቅንድብህን ይሰነጥቀዋል። የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ያለበት አዳኝ ስታይ ምን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

ከዚያ ልክ ማስገባት። መቀርቀሪያው የሚወጣ ጠመንጃ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ተኩስ ሜዳ ሄደህ 25 ያርድ ላይ ኢላማ ስቀል። መቀርቀሪያውን አውጣ። ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስተኛው። ከኋላ በቱቦው ውስጥ አሾልከህ ተመልከት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ታያለህ። ኢላማውን የክቡ መሃል አድርገው። አሁን ጠመንጃውን ሳትነካ ቀና በልና በመነጽሩ እይ። መስቀሉ ግራ ወይም ቀኝ ሄዶ ታገኘዋለህ። ማዞሪያዎቹን እያዞርክ ኢላማው ላይ አምጣው። በቱቦው ደግመህ እይ። ሁለቱ ሲስማሙ አንድ ጥይት ተኩስ። ወረቀቱን አልሳትክም።

ማዞሪያዋ የምታሰማት አንዷ ጠቅታ 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ታንቀሳቅሳለች። 25 ያርድ ላይ የዚያን ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ አንድ ኢንች ከሳትክ 16 ጠቅታ ነው፣ አራት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ካርቶን ጥይት ጨርሶ «ጠመንጃው ተበላሽቷል» ብሎ ይመጣል። 25 ላይ ከገባ ወደ 100 ሂድ። ሦስት ተኩስ፣ አስተካክል፣ ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የርካሽ ጠመንጃ ቱቦ ቀጭን ነው፤ ሲግል ጥይቱ መንከራተት ይጀምራል። ቸኩለህ አሥር ጥይት በአምስት ደቂቃ ብታፈስ የምትለካው ሙቀቱን ነው። 308 ከሆነ 100 ያርድ ላይ ከመሃል ሁለት ኢንች ከፍ አድርገህ ተወው። 200 ላይ መሃል ይመታልሃል። 300 ላይ ወደ ስምንት ኢንች ይወርዳል። አንተ ግን በመጀመሪያ ዓመትህ ከ200 አትለፍ።

ጠረጴዛ ላይ ልክ ካስገባህ በኋላ ጠረጴዛውን ተወው። ተራራ ላይ ጠረጴዛ የለም። ተንበርክከህ፣ ተቀምጠህ፣ ዛፍ ተደግፈህ ተኩስ። አንድ ባልደረባህን ለምነህ ይህን ጨዋታ ተጫወት፤ አንተ ዞር ትላለህ፣ እሱ አንዳንዴ ጥይት ያጎርሳል፣ አንዳንዴ ባዶውን ይዘጋዋል፣ ከዚያ ይሰጥሃል። የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ባዶው ላይ ምላጩን ስትስብ አፈሙዙ ወደ ታች ቁልቁል ካለ፣ ድምፁን ፈርተህ ዓይንህን እየጨፈንክ ነው ማለት ነው። ሁላችንም እናደርገዋለን። እኔ ዛሬም በየዓመቱ ግንቦት ላይ እፈተናለሁ፣ ዘንድሮም ተይዣለሁ። ጥይት አንድ ካርቶን፣ ሃያው፣ ከ25 እስከ 40 ዶላር ነው። ሦስት ካርቶን ለልምምድ፣ አንድ ለአደን ያዝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ጥይቱን ስትቀይር የሚያርፍበትም ይቀየራል።

ወረቀቱን በአጭሩ። ከሱቅ ስትገዛ 4473 የሚባል ቅጽ ትሞላለህ። ግሪን ካርድ ካለህ ትችላለህ፤ የካርዱ ቁጥር ይጻፋል። መታወቂያህ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖርበት ይሁን። ግማሹ ወገናችን ተመልሶ የሚሄደው ቤት ቀይሮ መንጃ ፈቃዱን ስላላደሰ ነው። ምርመራው ቶሎ ቢያልፍም እንኳ፣ ከተጀመረ ሦስት ቀን ሳይሞላው ኮሎራዶ ውስጥ ጠመንጃውን አትረከብም። ለሌላ ሰው፣ «እሱ ወረቀት ስለሌለው በኔ ስም» ብለህ እንዳትገዛ። እስር ነው፣ ለግሪን ካርድህም መጨረሻው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ሌላ ሰው ስለማይነግርህ እኔ ልንገርህ። ቅጹ ላይ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ማሪዋና ኮሎራዶ ውስጥ ቢፈቀድም ፌዴራል ላይ አይፈቀድም። ጫትም እንደዚያው። ትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው። «ጫት እኮ ቅጠል ነው» የሚለው ክርክር እዚያ አይሠራም፣ ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ትቅም እንደሆነ አላውቅም፤ ከቃምክ ግን መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ ሱቅ። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም፣ ፍርዱ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአዳኝ ትምህርት ካርድ ያስፈልግሃል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ግዴታው ነው። ያለ እሱ በመደበኛው የአደን ፈቃድ አይሸጥልህም። የአጋዘን ፈቃድ በዕጣ ነው፣ ማመልከቻው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ልብስህ ላይ ከወገብ በላይ 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካን ወይም ደማቅ ሮዝ ከነባርኔጣው ግዴታ ነው። መኪና ውስጥ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ አይያዝም።

አሁን ባለቤትህ። ትክክል ናት፣ ቀድመህ እንደዚያ በላት። «አይገባም» ያለችው ጠመንጃ የሚቀመጥበትን ቦታ ስላላየች ይሆናል። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ የሚባል ነገር የለም፤ ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል። የቁም ሣጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ቁልፉ ጓዳ፣ ይህ ሁሉ ቀልድ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ልጅ ሊደርስበት የሚችል ያልተቆለፈ ጠመንጃ ማስቀመጥ ራሱ ወንጀል ነው። የ150 ዶላር የብረት ሳጥን ግዛና ከግድግዳው ጋር በብሎን እሰረው። ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ከዚያ የዚህን ጠመንጃ ዓይነት ትልቁን በረከት ተጠቀም፤ መቀርቀሪያውን አውጣው። ያለ እሱ ጠመንጃው ዱላ ነው። መቀርቀሪያዋ መዳፍ ላይ ትገባለች። በትንሽ ቁልፍ ሳጥን አድርገህ ለባለቤትህ ስጣት፣ ቁልፉንም እሷ ትያዝ። ስታድን ትጠይቃታለህ። ብዙ ባልና ሚስት በዚህ ታርቀውብኛል።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጭንቀት ውስጥ ገብቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ «በቃኝ» የሚል ቃል ካወጣ፣ አንተም ብትሆን፣ ጠመንጃው በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ። ዘመድ ጋ ሳይሆን መጀመሪያ እኔ ዓይነት ነጋዴ ጋ ደውል፤ ሕጉን ሳትጥስ የት ማቆየት እንደምትችል ይነግርሃል። እኛ ይህን ነገር አናወራም። ማውራት አለብን።

ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ በዓይንህ ብቻ አትመን። መቀርቀሪያውን ክፈት፣ እይ፣ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳብሰው። ልጆችህ ፊት ሁልጊዜ እንዲህ አድርግ፣ ያዩሃል።

ግዳይ ከጣልክ ስለ ሥጋው ሁለት ነገር። አጋዘንም ኤልክም ያመሰኳሉ፣ ሰኮናቸውም ስንጥቅ ነው፤ ግን በጥይት ስለሞተ የሚለው ጥያቄ ለንስሐ አባትህ ነው፣ ለኔ አይደለም። አንዳንዱ ሰው እንደወደቀ በስመ አብ ብሎ ያርደዋል። ሁለተኛው፦ ክትፎ አይደረግም። ጥሬ ሥጋም አይበላም። የበሬ አይደለም፣ የዱር ነው፤ በሽታም ጥገኛ ትልም ይኖረዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ አጋዘኖችንና ኤልኮችን የሚያጠቃ የአንጎል በሽታ አለ፤ ጭንቅላቱን ለምርመራ ስጥ፣ ውጤቱ ሳይመጣ አትብላ። የቆሰለበትን ዙሪያ አንድ መዳፍ ያህል ቆርጠህ ጣል፤ የእርሳስ ፍንጣሪ እዚያ ይቀራል። የቀረውን ጥብስ አድርገው፣ ስብ የለውምና ቅቤ አትቆጥብ። አደኑ የሚሆነው ጥቅምትና ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ከጠመንጃው ጎን ትልቅ ፍሪዘር ጻፍ፤ እሱን ከወዲሁ ለባለቤትህ ንገራት።